የቪትዝዎ እውነተኛ የነዳጅ ፍጆታ፦ በአዲስ አበባ መንገድ እንዴት ይለካል፣ እንዴትስ ይቀነሳል

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ስለ ባለ 1.0 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ ከሆነ አንዱ ባለቤት «ከ16 አያንስም» ሲል ሌላው «10 እንኳ አይሞላም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንደኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ በፈጣን መንገዱ አዳማ ደርሶ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ በተዘጋ መንገድ ተንፏቆ ቢሮ ገብቶ፣ ማታ በዚያው መልክ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፍጆታ መኪናው ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም፤ መኪናው፣ መንገዱና ነጂው አብረው የሚያመጡት ውጤት ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ለእርስዎ መኪና መመዘኛ አይሆንም፤ የራስዎን ቁጥር ማወቅ ይኖርብዎታል፤ ለጋራዥ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊትም ሊያውቁት ይገባል።

የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብርን ተሻግሯል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፍጆታውን በሊትር ከ10 ኪሎ ሜትር ወደ 13 ቢያሻሽል 23 ሊትር ያህል ይተርፈዋል፤ ይህም በ100 ብር ሒሳብ እንኳ በየወሩ 2,300 ብር ነው። በዚያ ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ በእጃችን ያሉት ትናንሽ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን እንፈልጋለን። በደንብ ልንይዛቸው ይገባል።

የካታሎጉ ቁጥር ከየት መጣ?

ቪትዝ በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ተከተሉ። በጃፓን ካታሎጎች ላይ ለእነዚህ መኪኖች በሊትር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚል ቁጥር ማየት የተለመደ ነው። ቁጥሩ የፈጠራ አይደለም፤ የተገኘው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን መኪናው በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ ቆሞ በተደረገ ፈተና ነው። የቀድሞው የጃፓን ፈተና፣ «10-15 ሞድ» የሚባለው፣ በጠቅላላው 4.16 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን፣ 11 ደቂቃ የሚፈጅና ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሆነ ነበር፤ ሞተሩም አስቀድሞ ሞቆ ነው የሚጀመረው። በኋላ የተተካው «ጄሲ08» ርዝመቱን ወደ 8.17 ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛ ፍጥነቱን ወደ 81.6 አሳድጎ በብርድ የሚነሣ ሞተርንም በሒሳቡ አካቷል። በሁለቱም ግን የቀበና አቀበት የለም፤ የመገናኛ ሰልፍ የለም፤ ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ተሳፋሪዎችም የሉም። ስለዚህ የካታሎጉን ቁጥር ሁለት የመኪና ዓይነቶችን እርስ በርስ ለማወዳደር ይጠቀሙበት እንጂ፣ ቪትዝዎ አልደረሰበትም ብለው መኪናው ታሟል ወደሚል መደምደሚያ አይሂዱ። በእኔ ግምት በከተማ ውስጥ በሊትር ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ጤነኛ ነው ለማለት ይቻላል።

አንደኛ ደረጃ፦ ሞልቶ መጀመርና ሞልቶ መጨረስ

የዳሽቦርዱ የነዳጅ ጌጅ ለመለኪያ አይሆንም። የላይኛው ሩብና የታችኛው ሩብ እኩል ሊትር የማይዙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆምም ንባቡ ይለወጣል። «የ1,000 ብር ቀድቼ አራት ቀን ሄድኩበት» የሚለው ስሌትም ቀን እንጂ ርቀት ስለማይለካ አይረዳም። አስተማማኙ መንገድ ታንከሩን ሞልቶ መጀመርና እንደገና ሞልቶ መጨረስ ነው።

መኪናው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ያስቀምጡ። የስልክ መተግበሪያም ይሆናል፤ ነገር ግን ማደያ ላይ ከኋላ ጥሩንባ እየተነፋ ቁጥር ለመጻፍ ደብተር ይቀላል። ወደ ማደያው ሲገቡ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ መቆሙን ይመልከቱ፤ ቀጂውንም እንዲሞላና መቅጃው በራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲያቆም እንዲተው ይንገሩት። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቀጂዎች ሒሳቡን በሙሉ ብር ለመዝጋት ሲሉ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫናሉ፤ ይህም በአንዱ ቀን ግማሽ ሊትር፣ በሌላው አንድ ሊትር ይሆንና ልኬትዎን ያዛባል። ከዚያም አልፎ ከመጠን በላይ የተሞላ ታንከር የነዳጅ ትነት የሚያጠራቅመውን ክፍል በፈሳሽ ሊያበላሸው ይችላል። የመጀመሪያው «ቀጭ» ላይ ይብቃ።

ከዚያ በሞላው መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ። ይህ መነሻዎ ነው፤ አሁን የገባው ነዳጅ በሒሳቡ ውስጥ አይቆጠርም። ከዚህ በኋላ በሚቀጥለው ሙሌት እስኪዘጉት ድረስ የሚቀዱት እያንዳንዱ ሊትር ይመዘገባል። ሰልፉ ረዝሞ ወይም ማደያው ለእያንዳንዱ መኪና የሚሰጠውን መጠን ወስኖ፣ ሙሉ መቅዳት የማይቻልበት ቀን አለ፤ አይጨነቁ። በመሐል በከፊል መቅዳት ልኬቱን አያበላሽም፤ ሊትሩን ብቻ በትክክል ይመዝግቡ። በስልክ ሲከፍሉ የሚደርስዎ መልእክት የብሩን መጠን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከማሽኑ ላይ ሊትሩን አይተው ይጻፉ፤ ካመለጠዎትም ብሩን በዕለቱ የሊትር ዋጋ ያካፍሉት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መነሻ ላይ ሲሞሉ ቆጣሪው 142,310 ነበር እንበል። በሳምንቱ 12 ሊትር፣ ከዚያ 9.5 ሊትር ቀዱ፤ በመጨረሻም ሙሉ ሲያስደርጉ 14.1 ሊትር ገባ፤ ቆጣሪውም 142,737 አነበበ። የተጓዙት 427 ኪሎ ሜትር፣ የተጠቀሙት 35.6 ሊትር ነው፤ 427ን ለ35.6 ሲያካፍሉ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

በአንድ ሙሌት ላይ ተመሥርተው ግን አይፍረዱ። በመሙላቱ ልዩነት የተነሣ አንድ ሊትር ስሕተት ቢኖር፣ በ10 ሊትር ላይ 10 በመቶ ያዛባል፤ በ35 ሊትር ላይ 3 በመቶ ያህል፤ በሦስት ተከታታይ ሙሌቶች፣ ማለትም በ100 ሊትር ገደማ ላይ ግን 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሙሌት፣ የሚቻል ከሆነም ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ ማሽን ይሁን።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ቆጣሪው እውነት ይናገራል?

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ ስለዚህ ጎማው ከፋብሪካው የተለየ ከሆነ ቆጣሪው ይስታል። ሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ በብዛት የሚጫማው 165/70 አር14 ጎማ ነው። ለመልኩ ተብሎ 185/60 አር15 ቢደረግለት የጎማው ዙሪያ በ2.8 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝም ቆጣሪው 97 አካባቢ ብቻ ያነባል። ባለቤቱ «ጎማ ከቀየርኩ ወዲህ ነዳጅ በላ» ብሎ ያማርራል፤ ከቅሬታው ከፊሉ ግን የቆጣሪው ነው።

ለማረጋገጥ የአዲስ አበባ – አዳማ ፈጣን መንገድ ምቹ ነው። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዳሩ የኪሎ ሜትር ምልክቶች አሉት። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ከአንድ ምልክት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ይቁጠርና ከቆጣሪው ጋር ያስተያይ፤ ነጂው ዓይኑን ከመንገዱ አይንቀል። የስልክ ካርታም ይረዳል። ቆጣሪዎ 48.5 ካነበበ፣ ከዚያ በኋላ የሚመዘግቡትን ርቀት ሁሉ በ1.03 ያባዙ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሒሳቡን በትክክል መሥራት

በሊትር የሚሄደውን ኪሎ ሜትር መናገር ቀላል ቢሆንም፣ አማካይ ሲወጣ ያሳስታል። 200 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ በሊትር 8፣ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ከከተማ ውጭ በሊትር 16 ቢሄዱ አማካዩ 12 ይመስላል። የተጠቀሙት ግን 25 እና 12.5 ሊትር፣ በድምሩ 37.5 ነው፤ 400ን ለ37.5 ሲያካፍሉ 10.7 ይመጣል። ሁልጊዜ ጠቅላላ ርቀትን ለጠቅላላ ሊትር ያካፍሉ። ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ማስላት ደግሞ የሚተርፈውን ገንዘብ በግልጽ ያሳያል፦ ከ10 ወደ 12 ማሻሻል በ100 ኪሎ ሜትር 1.7 ሊትር ያህል ያተርፋል፤ ከ18 ወደ 20 ማሻሻል ግን ከ0.6 ሊትር አይበልጥም። ትልቁ ትርፍ ያለው መጥፎ በሚመስለው የከተማ መንገድ ላይ ነው።

የከፍታውንም ነገር አይርሱ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት፤ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ሁለት ሰው የጫነ ቪትዝ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህን ክብደት 500 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 0.6 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠይቃል። ስለዚህ ወደ አዳማ ሲወርዱ በሊትር 17 የሄደው መኪና፣ ሲመለስ 13 ወይም 14 ቢያሳይ አያስደንቅም። መሄጃውን ብቻ ለክቶ መጓደድም ሆነ መመለሻውን ብቻ ለክቶ ማዘን ተገቢ አይደለም፤ ደርሶ መልሱን በአንድነት ይለኩ። በከተማ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ሳሪስ የሚሠራ ሰው የጠዋቱንና የማታውን አብሮ ይቁጠር።

አራተኛ ደረጃ፦ ነዳጁ የት እንደሚሄድ ማወቅ

ብዙው የሚባክነው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ በመቆምና በመነሣት፣ ቆሞ በሚሠራ ሞተር፣ እንዲሁም ሞተሩ ሳይሞቅ በሚያልቅ አጭር ጉዞ።

መኪናዎ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ ፍሬን ይዘው ቢያቆሙት፣ ያንን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት 13 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ይቃጠላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን 75 ወይም 80 ጊዜ ሲደጋገም አንድ ሊትር ይሞላል፤ በአዲስ አበባ መንገድ ይህን ያህል ጊዜ መቆም የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የጠፋው ጉልበት የተከፈለበት ነው።

ቆሞ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ኤሲ ሲከፈት ከዚያ ይጨምራል። በቀን 40 ደቂቃ በሰልፍ የሚቆም ሰው በወር 26 የሥራ ቀናት 8 ወይም 9 ሊትር አንድ ሜትር እንኳ ሳይሄድበት ያቃጥላል።

ብርዱን በተመለከተ፣ በቪትዝ ዳሽቦርድ ላይ ሲነሣ የምትበራዋን ሰማያዊ መብራት ያስተውሏት። መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የነዳጅ ርጭቱን የሚቆጣጠረው የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ የሚቆም መኪና የጉዞውን አብዛኛውን ክፍል በዚህ ሁኔታ ይጨርሰዋል። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ አሥር ደቂቃ ማሞቅ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ መንዳት ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የሚሄዱባቸውን አጫጭር ጉዳዮች በአንድ መውጫ ማድረግም ከማንኛውም የመለዋወጫ ዕቃ ይበልጣል።

አምስተኛ ደረጃ፦ መኪናውን መፈተሽ

መነሻ ቁጥርዎ ከተመዘገበ በኋላ ብቻ ወደ መኪናው ይሂዱ፤ የሚቀይሩትም አንድ በአንድ ይሁን። በአንድ ቀን ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮና ጎማ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው በፍጹም ሊያውቅ አይችልም።

በጎማ አየር ይጀምሩ፤ ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነውና። ትክክለኛው መጠን በነጂው በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለትም ከቤት እንደወጡ ቅርብ ባለው ጎሚስታ ዘንድ፣ በየሁለት ሳምንቱ ያስለኩ። ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላ ቁጥሩን እርስዎ ይንገሩት።

ቀጥሎ መኪናው በነፃነት መንከባለሉን ይመርምሩ። ደልዳላ በሆነ፣ ሰውና መኪና በማይተላለፍበት ቦታ ማርሹን ዜሮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ አንድ ሰው መሪው አጠገብ ተቀምጦ እግሩን ወደ ፍሬኑ አቅርቦ ይጠብቅ። ጤነኛ ቪትዝ በአንድ አዋቂ ሰው ግፊት ያለ ብዙ ትግል ይንቀሳቀሳል። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚገፋው ከሆነ አንዱ ጎማ ላይ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ ፍሬን ብዙም ሳይጠቀሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ሳይነኩ አስጠግተው ሙቀቱን ያወዳድሩ። የያዘ ፍሬን ነዳጅ መፍጀት ብቻ ሳይሆን ለአደጋም ስለሚዳርግ ለነገ አይባልም።

ሦስተኛው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የማቀዝቀዣውን ውሃ ዝውውር የሚገታው ቫልቭ ነው፤ በዚህ ላይ አጥብቄ ለመናገር እወዳለሁ። አንዳንድ ጋራዦች ሞተር በጋለ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል፤ «አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» ይላሉ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን ዘወትር ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩም ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል። ምልክቱ ያቺው ሰማያዊ መብራት ናት፤ ለመጥፋት በጣም ከዘገየች፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ተመልሳ ከበራች፣ መካኒኩ ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ከፍቶ ያሳይዎ።

የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላና የሞተር ዘይት በየጊዜያቸው ይቀየሩ። ለዘይት በመኪናው መጽሐፍ የተፈቀደውን ቀጭን ዘይት ይምረጡ፤ ወፍራም ዘይት በብርድ ጠዋት ሞተሩን ያከብደዋል። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) ጥቂት መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው፤ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን አንዱ ሲሊንደር አይተኩስ ይሆናል፤ በኮምፒውተር ያስመርምሩት። በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ብልሽትም በዚሁ ይታወቃል። ታንከር ውስጥ ጠብ ተደርገው «ነዳጅ ይቆጥባሉ» ለሚባሉ ጠርሙሶች ገንዘብ ባያወጡ እመክራለሁ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ አነዳድ

ዋናው ነገር አርቆ ማየት ነው። ከፊት ያለው መብራት ቀይ መሆኑን ወይም ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ማንሣቱን 100 ሜትር ቀድመው ካዩ፣ እግርዎን ከነዳጁ ያንሡና መኪናው በማርሽ እንደተያዘ ይንከባለል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ የነዳጅ ርጭቱን ሙሉ በሙሉ ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ልማድ የነዳጅ ርጭቱን ኮምፒውተር ከመቆጣጠሩ በፊት ከነበረው የካርቡሬተር ዘመን የቀረ ነው፤ ዜሮ ላይ ያለ ሞተር እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። ከእንጦጦ ሲወርዱ ደግሞ ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ሊግል ይችላል። ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ነው፤ ፈጽሞ አያድርጉት።

አቀበት ላይ የከፍታውን ጠባይ መረዳት ይጠቅማል። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያስጨነቁ ከመጎተት በጊዜ አንድ ማርሽ መቀነስ ይሻላል፤ በአውቶማቲክ ደግሞ እግርን እስከ ወለሉ ሳይጫኑ በወጥ አረጋገጥ መውጣት ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ፍጥነት መያዝም ይረዳል።

መንገዱ ለረጅም ጊዜ እንደሚዘጋ ካወቁና ቦታው ደልዳላ ከሆነ ሞተሩን ያጥፉ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ለሚቆዩበት ያዋጣል። ዳገት ላይ ግን አያጥፉ፤ ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይል ይጠፋልና። በፈጣን መንገድ ላይ የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በ110 ሲነዱ በ80 ከነበረው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ይገጥምዎታል፤ በ85 ወይም በ90 ቀኝ መስመር ይዞ መሄድ ልዩነቱን በአንድ ጉዞ ያሳያል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ እንደገና መለካት

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሦስት ሙሌት ይለኩ። በደብተሩ ላይ ከቁጥሮቹ ጎን አንድ ዓምድ ለማስታወሻ ይተዉ፤ «ትምህርት ቤት ተዘግቷል»፣ «ዝናብ»፣ «ሐዋሳ ደርሶ መልስ»፣ «ፊልትሮ ተቀየረ» ብለው ይጻፉ። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንገዱ ስለሚላላ ፍጆታው ሊሻሻል ይችላል፤ ይህን ያልጻፈ ሰው ምስጋናውን በሰኔ ለቀየረው ካንዴላ ይሰጣል። መንገዱና ወቅቱ ሳይለወጡ ቁጥሩ በድንገት 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ግን፣ በመጀመሪያ የጎማውን አየር፣ ቀጥሎ የያዘ ፍሬን መኖር አለመኖሩን፣ ከዚያም ያቺን ሰማያዊ መብራት ይመልከቱ፤ ጋራዥ ሲሄዱም ደብተሩን ይዘው ገብተው መካኒኩ ቁጥሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደወረደ በዓይኑ ይይ።